ሆስፒታሉ ጣራ ላይ የተሰጣው ስንቅ

የዋና ከተማችን የቱኒስ ሰዎች እኛን የወደብ ከተማዋን የስፋክስን ልጆች ሲያሙን፣ «የስፋክስ ሰው መስታወት ፊት ብዙ አይቆምም፤ መስታወቱ እንዳያልቅበት» ይላሉ። ነጭ ውሸት ነው። የሚቆጥበው መስታወቱን ሳይሆን ፊቱን ነው።

ወሲላ ከሙን ይህን ቀልድ በሃምሳ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ ቢያንስ አምስት ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አንድ ቀን ተቆጥታ ግን አታውቅም። «ቀልዱንም እኮ ደጋግመው ነው የሚጠቀሙበት» ትላለች። «ከእኛ ተምረው ነው።»

ወሲላ ከወደቡ ብዙም በማይርቀው ትልቅ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት ያለው የማምከኛ ክፍል አለቃ ናት። ላይ በቀዶ ጥገናው ፎቅ ደም የነካው መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ሳህንና ጋውን ሁሉ በአሳንሰር ወርዶ እሷ ዘንድ ይመጣል። ይነከራል፣ ይፈገፈጋል፣ በአጉሊ መነጽር ይፈተሻል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ሁለት በሬ የሚውጥ አውቶክሌቭ ውስጥ ገብቶ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ከዚያ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ወደ ላይ ይመለሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስታደርግ ኖራለች። ክፍሏ ውስጥ «ሐጂ» እያሉ የሚጠሩት አንድ ትልቅ መቀስ አለ፤ ከኩስኩስ የበለጠ የስፋክስ ሆድ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው። ሦስት ዳይሬክተር አሳልፏል፤ የአንደኛውን ትርፍ አንጀት ያወጣውም እሱ ነው።

ጠዋት ጠዋት በሞተር ብስክሌቷ ሻርፗን እያውለበለበች ስትደርስ፣ የአምቡላንስ ሾፌሮች ዳር ይይዙላታል። ትልቅ ሰው ስለሆነች አይደለም። ፍሬን መያዝ ጎማ ይጨርሳል ብላ ስለምታምን ነው።

ታዲያ፣ የቁጠባ ከተማ ልጅ ስለሆነች ያገኘችውን ሁሉ አጥባ ትመልሳለች ብሎ የሚገምት ሰው ወሲላን አያውቃትም። አንዳንድ የሕክምና ዕቃ ማሸጊያው ላይ ክብ ውስጥ የገባች፣ በሰያፍ መስመር የተሰረዘች ሁለት ቁጥር አለችበት። አንዴ ትጠቀምበታለህ፣ ሁለተኛ የለም ማለት ነው። የቱኒስ ሰዎች እዚህም ላይ አልማሩንም፤ «የስፋክስ ሰው ምልክቷን ሲያይ፣ ሁለቴ ከተከለከለ ሦስቴ ተፈቅዷል ብሎ ያነባታል» ይላሉ።

አንድ ቀን ዶክተር ከታታ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ከረሜላ በወረቀት ጠቅልሎ ምድር ቤት ወረደ። ከታታ ከከተማው እጅግ የተከበረ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ልጁን የዳረው ግን ራሱ በተሞሸረበት ጫማ ነው። ገና ተለማማጅ ሳለ ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ ያሳየችው ወሲላ ስለሆነች፣ አንተ ትለዋለች፤ እሱ ግን እንደ ሁሉም ሰው በአክብሮት «ላላ» ይላታል፣ እመቤቴ እንደማለት።

«ላላ ወሲላ፣ ይቺን ቀቀል አድርገሽ ትመልሺልኛለሽ?»

«የተሰረዘችዋን ሁለት አላየሃትም?»

«አየኋት። የተጠቀምኩባት ግን ለአሥር ደቂቃ ነው። አዲስ ናት።»

«ሆዷን አሳየኝ።»

«የማንን ሆድ?»

«የቱቦዋን። ውስጡን ማየት የማልችለውን ነገር አጥቤዋለሁ አልልም። ያላጠብኩት ላይ ደግሞ አልፈርምም። ጣላት።»

«እንዲሁ በቁሟ?»

«ዶክተር፣ ሰው ቁጠባን መጣያው አፍ ላይ ቆሞ አይጀምራትም። ስትገዛ የት ነበርክ?»

ዶክተሩ ቅርጫቱን ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ጣላት። አብረዋት ከሚሠሩት ስድስት ሴቶች አንዷ፣ ምላሷ ከመቀሱ ሁሉ የሚሰላው ረብሃ፣ «ነፍሷን ይማር በሉት፤ ልቡ ተሰብሯል» አለች።

ነገሩ የመጣው በነሐሴ ነው። ከቱኒስ የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ የተላከ ሲ ላስዓድ፣ አቶ ላስዓድ እንደማለት፣ የሚባል ሰው ደረሰ። ሦስት ስልክ አለው፤ ጫማው ላይ ጢም መላጨት ይቻላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ያመጣው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና አንድ የታሸገ ጥቅል ይገዛል፤ ጋውኑ፣ መሸፈኛው፣ መቀሱ፣ ሳህኑ ሁሉ አብሮ ውስጡ አለ። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሁሉም እንዳለ ወደ መጣያ። መንከር የለ፣ መፈግፈግ የለ፣ መቀቀል የለ። ለሁለት ሳምንት ይሞከራል፤ ከሠመረ ጨረታው ይፈረማል።

«ምድር ቤቱስ?» አለች ወሲላ።

«የጥቅሎቹ መጋዘን ይሆናል» አለ ሲ ላስዓድ። «ልጆቹ ሥራ አያጡም፤ ካርድ ክፍልም፣ መረጃም ይመደባሉ። እርስዎም በክብር ጡረታ ይወጣሉ፣ ላላ ወሲላ።»

ረብሃ ከበስተጀርባ፣ «ዕድሜ ልካችንን ጥቅል ስንፈታ ኖረን፣ በመጨረሻ ጥቅል ሊፈታን ነው» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ወሲላ አልሳቀችም። ካርድ ክፍል ስትቀመጥ ታየቻት፣ ረብሃ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት በሽተኛ፣ በሁለተኛው ዳይሬክተሩን ታስለቅሳለች። እሷ ራሷስ? ሰው ጠዋት ተነስቶ ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቀውን ነገር የት ያስቀምጠዋል?

ሙከራው ተጀመረ፣ አውቶክሌቮቹም ቀዘቀዙ። ምድር ቤቱ ውስጥ ዝምታው ስለከበዳቸው ሴቶቹ የንጹሑን ዕቃ መደርደሪያ አጥበው ሲጨርሱ መልሰው ያጥቡት ጀመር። በጓሮ በኩል ግን ሥራ በዝቷል። የቆሻሻ ቢጫ ከረጢቱ በሦስት ቀን ውስጥ ተቆልሎ ተቆልሎ፣ የወደቡ ወፎች አናቱ ላይ ቆመው ከርከና ደሴትን ማየት ጀመሩ ይባላል። በቀን አንዴ ይመጣ የነበረው የቆሻሻ መኪና ሦስቴ እየመጣ፣ ሾፌሩ ከዘበኛው ጋር ዘመድ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ወሲላ ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ወጣች። ከታታ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ቡአ ሲያወጣለት ጥጓን ይዛ ቆመች። ጥቅሉ ተከፈተ። በዓይኗ ቆጠረች፤ አርባ አንድ ዕቃ። ከታታ የነካው አሥራ ሰባቱን ነው። ሃያ አራቱ፣ ተከፍቷልና ከእንግዲህ ለሌላ በሽተኛ አይሆንም ተብሎ፣ ጣት ሳይነካው ወደ ከረጢት ገባ። ከሃያ አራቱ መሃል ስድስት ሳህን ነበር።

«ስድስት ሳህን ለምንህ ነው?» አለችው ሲወጣ።

«እኔ ምን አውቄ። ጥቅሉ ይዞት መጣ።»

«ጥቅሉ ዝሆን ይዞ ቢመጣስ?»

«ዝሆን ቢሆን እጠይቅ ነበር» አለ ከታታ፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ። «መሰለኝ።»

ያን ቀን አንድ ነገር ለመነችው። ያልተነካው ዕቃ ከረጢት ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ሳጥን ለብቻው ይቀመጥላት፤ የተነካው ብረት ደግሞ ምድር ቤት ይውረድላት፣ አጥባ፣ አንዱን አውቶክሌቭ ለኩሳ ታመክነዋለች። «ልትጠቀሚበት?» አለ ከታታ፣ ቱቦዋ ትዝ ብላው፣ በተስፋ። «ላሳይበት» አለችው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሳጥኖቹ የሚዘረጉበት ቦታ ጠፋ። ኮሪደሩ በሽተኛ ሞልቶበታል፤ አዳራሹ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቷል። ጣራው ግን ባዶ ነው፣ ፀሐይም አለው። ወሲላና ስድስቱ ሴቶች ከዋርድ ሃያ ነጭ አንሶላ ተውሰው ወጡ። አንሶላውን አነጠፉ፤ ነፋስ እንዳያነሳው ጥግ ጥጉን በጡብ ያዙት፤ ዕቃውን በየዓይነቱ መስጣት ጀመሩ። ሲ ላስዓድ በአራት ሰዓት ጣራ ላይ እንዲመጣ ተነግሮታል።

አንድ ነገር ግን ዘነጉ። ወሩ ነሐሴ ነው።

በነሐሴ በስፋክስ ጣራ ላይ ነጭ አንሶላ ከተነጠፈ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ዑላ። የዓመቱ ስንቅ። ከስንዴው ኩስኩሱ ይታሻል፣ በርበሬው ይደቃል፣ ሁሉም ነገር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለክረምትና ለበጋ ይከተታል። በዚያ ወር ሴቶቻችን የሌላውን ሰው ጣራ የሚያዩበት ዓይን ለጉምሩኩ ቢኖረው ኖሮ ወደቡ ላይ ኮንትሮባንድ የሚባል ነገር ባልኖረ። በሆስፒታሉ ትይዩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ላላ ሸድሊያ አንሶላውን አዩ፤ ሽርጥ የታጠቁ፣ ፀጉራቸውን የሸፈኑ ሰባት ሴቶች አጎንብሰው ሲሰጡም አዩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ወይ ጉድ» አሉ ለጎረቤታቸው። «መንግሥት ገንዘብ አልቆበት፣ ሆስፒታሉ ለበሽተኛው ኩስኩስ ራሱ ሊያሽ ነው። ሰባት ሆነው ለሺህ ሰው። ሞተው ያልቃሉ።»

ወሬው ከጣራ ጣራ ዘሎ ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ስልክ ቢሆን ገና ይጠራ ነበር። ዑላ የያዘችን ሴት ብቻዋን መተው በእኛ አገር ነውር ነው፤ ጠበኛ እንኳ ወንፊቷን ይዛ ትመጣና፣ ጠቧን ኩስኩሱ ከታሸ በኋላ ትቀጥላለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች ወንፊትና ገበታ ተሸክመው የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሙ። ዘበኛው፣ ያለ መታወቂያ ሚኒስትር የማያስገባ ሰው፣ «ለዑላው ነው» ሲሉት በሩን በሁለት እጁ ከፈተ። የጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእናቴ የሚሆን ይተርፋል?»

ላላ ሸድሊያ ጣራው ላይ ደርሰው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና አካባቢውን ቃኙ።

«ስንዴው የታለ?»

«ስንዴ የለም፣ ላላ» አለች ወሲላ። «ያለው ይሄ ነው።»

አሮጊቷ አንዱን ሰማያዊ ሳህን አንስተው ገለበጡት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳህን። ተጥሎ ነው።»

«ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ሰው ሞቶበታል?»

«ማንም አልነካውም። ከማሸጊያው ወጣ፣ ተጣለ።»

ላላ ሸድሊያ ሳህኑን አንዴ ደግመው ገለበጡት። «ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምን አጠፋ?»

ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ቤቴ አላለም። የስፋክስ ሴት እጅ የተሰጣ ነገር ፊት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ወሲላ የታሸጉትን ስለታም ነገሮች ለራሷ ሴቶች ለይታ፣ የቀረውን ለእንግዶቹ ተወችላቸው፤ ጓንት አጥልቀው ተቀመጡ። ሳህን በሳህን፣ መሸፈኛ በመሸፈኛ፣ ጋውን በጋውን፤ ትልቁ ወደዚህ፣ ትንሹ ወደዚያ፤ ልክ ወፍራሙን ኩስኩስ ከደቃቁ እንደሚለዩ። ረብሃ፣ «ይሄን ያህል ፈጣን ሠራተኛ ካርድ ክፍል ቢኖር ኖሮ፣ በሽተኛ ሳይታመም ካርዱ ይወጣ ነበር» አለች።

በአራት ሰዓት ሲ ላስዓድ ከታታን አስከትሎ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ወንፊት የያዙ አሥራ አንድ ሴቶች ሲያይ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ሠርግ አለ እንዴ?»

«አንተ ነህ ያስጣልከው?» አሉ ላላ ሸድሊያ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ገለልተኛ ገምጋሚዎች ናቸው» አለች ወሲላ። «ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

በአንሶላዎቹ መሃል ይዛው ሄደች። ብዙ አልተናገረችም። የዘጠኝ ቀን፣ የአንድ ፎቅ ብቻ ነው አለችው። ከሃያው አንሶላ ዘጠኙ ሙሉ ለሙሉ ጣት ያልነካው ዕቃ ነበር። ከዚያ መቀሶቹ ዘንድ ደረሱ፤ ታጥበው፣ መክነው፣ በረድፍ ተደርድረው ፀሐዩን ወደ ሰማይ ይመልሳሉ። ሦስት መቶ ይሆናሉ። «እኔ ምድር ቤት ያሉኝ መቀሶች አርባ አይሞሉም» አለችው። «ከታላላቆቹ ጋር አብረን ነው ያረጀነው።»

ሲ ላስዓድ ሞኝ አይደለም። ጎንበስ አለና አንዱን መቀስ አነሳ።

«ይሄ ንጹሕ ነው?»

«ታጥቧል፣ መክኗል።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ለቀዶ ጥገና ይላኩት። ንጹሕ ነው ካሉ ለምን ይጣላል?»

ሴቶቹ የያዙትን አስቀምጠው ዞሩ። ላላ ሸድሊያ፣ «ላኪው እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ። ከታታም ከንፈሩን እየነከሰ ያያታል። ወሲላ መቀሱን ተቀበለችው። እሺ ብትል አሥራ አንድ ሴቶች እልል ይሉላታል፤ በአንሶላ ሙሉ መቀስ ለአሥር ዓመት ይበቃታል። እምቢ ብትል ደግሞ፣ በራሷ አፍ ያ ሁሉ ማጠብ ከንቱ ነው ያለች ሊመስል ነው፤ ምድር ቤቱም ሊዘጋ።

«አልልክም» አለች።

«ለምን?»

መቀሱን ከፍታ ማጠፊያውን አሳየችው። «ይቺ ብሎን አትፈታም። ሥሯ ምን እንደገባ አላየሁም፤ ያላየሁት ላይ አልፈርምም። ደግሞ ጫፉን ይዩት፤ አንዴ ቢቀቀል ጊዜ ዝገት ጀምሮታል። ይሄ መቀስ ገና ሲሠራ ሊጣል ነው የተሠራው። እኔ ላድነው አልችልም። ሊያድነው የሚችል የነበረው የገዛው ሰው ነው።»

ይህን ብላ ቢጫው በርሜል ውስጥ ጣለችው። ሴቶቹ ልጅ ጉድጓድ የገባ ይመስል ባንድ አፍ ቃተቱ። ወሲላ ሁለተኛውን አነሳች፤ ጣለችው። ሦስተኛውን። በሃያኛው ላይ ረብሃ ሳትጠራ መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱ ሆነው ሦስት መቶውን መቀስ፣ በስፋክስ ምድር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምስክር ፊት ጣሉት። ከተማይቱ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አንዲት ሴት ጀርባዋን አዙራ ቆመች፤ ማየት አልቻለችም።

ሲ ላስዓድ እስኪያልቁ ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ በፊት የነበርኩበት ቦታ» አለ፣ «ያልታጠበውን ታጥቧል እያሉ ይልኩ ነበር። ሰው ተጎድቷል። ለዚህ ነው ማጠብ የሚባል ነገር ያላመንኩት።»

«እዚያ የሚፈርመው ማን ነበር?»

«ማንም።»

«እዚህ እኔ ነኝ» አለች ወሲላ።

በሰውየው ላይ ጨክና አልቆመችም። ወደ መጨረሻው አንሶላ ወሰደችው፤ መርፌው፣ ስሪንጁ፣ ቀጫጭኑ ቱቦ እዚያ ነበር። «እነዚህን ይግዙ፤ አንዴ ተጠቅመን እንጥላቸው። እነሱን አጥባለሁ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ ነኝ የማባርረው። ጋውኑን ግን የሚታጠብ ይግዙልን። መቀሱን የሚፈታ፣ የሚሳል፣ የሚጠገን። ጥቅል ከፈለጉም፣ ሐኪሙ የሚነካውን ብቻ ይዞ ይምጣ።»

«ዶክተር» አለ ሲ ላስዓድ ወደ ከታታ ዞሮ፣ «አርባ አንድ ዕቃ እንደማይፈልጉ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ከታታ። «ከጠየቁኝ አሥራ ሰባት። እሑድ ከሆነ አሥራ ስድስት።»

ሲ ላስዓድ በዚያው ምድር ቤት ወረደ። ጫማውን ሸፍኖ ሦስት ሰዓት ቆየ። የእያንዳንዱ ትሪ ወረቀት ላይ ማን እንዳጠበው፣ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን እንደፈተሸው ተጽፎ አየ፤ በአጉሊ መነጽሩ አጎንብሶ የሐጂን ማጠፊያ ተመለከተ። ረብሃ ኋላ ስትናገር፣ «በስተመጨረሻ ሐጂን ሊያገባው መስሎኝ ነበር» አለች። ላላ ሸድሊያና ጓደኞቻቸው ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ሰባቱን ሠራተኞች በማግስቱ ወደ ራሳቸው ጣራ ጠርተው ኩስኩስ ሲያሳሿቸው ዋሉ። ውለታ ነው፤ ተመላሽ አለው።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። የድሮው ጨረታ ቀርቶ አዲስ እንደሚጻፍ፣ ምድር ቤቱም እንደማይዘጋ ይናገራል። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ የማምከኛ ክፍል አለቃ ከእንግዲህ በግዢ ኮሚቴው እንደምትቀመጥ ተጽፏል። ወሲላ ያቺን መስመር አራቴ አነበበቻት። ከዚያ ደብዳቤውን ለረብሃ ሰጥታ አውቶክሌቩን ለመለኮስ ሄደች፤ ጀርባዋን ያዞረችው እንፋሎቱን ለማየት ነው ብለው ሁሉም ያመኑ መሰሉ።

አሁን በወር አንዴ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ሻጮች የሚያብረቀርቅ መጽሔት ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው አንዱ፣ ክራባቱ ጉሮሮውን የያዘው ጎልማሳ፣ አዲስ ዓይነት መቆንጠጫ ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት አወራ። ሲጨርስ ሲ ላስዓድም፣ ከታታም፣ ዳይሬክተሩም ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞሩ። ወሲላ መቆንጠጫውን አንስታ ገለበጠችው፤ ከፈተችው፤ በመስኮቱ ብርሃን በኩል አየችው።

«ስንት ቦታ ይፈታል?»

«ይቅርታ፣ ላላ?»

«ለማጠብ። ሲፈታ ስንት ቦታ ይሆናል? ሲበላሽስ እዚህ አገር ማን ይጠግነዋል?»

ሰውየው መጽሔቱን ገለጠ፤ እንደገና ገለጠ። ላቡን ጠረገ። «እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። «ፋብሪካውን ልጠይቅና እስከ ማክሰኞ ልመለስ?»

«ተመለስ» አለች ወሲላ፣ መቆንጠጫውን ወደ ሳጥኑ እየመለሰች። «እንጠብቅሃለን። እኛ የምንቸኩለው ሰው ሲታመም ብቻ ነው።»